የጥለት ቀለም ማጉ ሳይወረወር ይመረጥ



ከኅዳር 6 የቁስቋም በዓል እስከ ጥር 11 ጥምቀት ያለው ጊዜ ሁለት ወር ከ5 ቀን ብቻ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና በነዚህ ሳምንታት ሰው ሁሉ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ነጠላና ጋቢ ያዛል። ሸማኔው ደግሞ ሩቅ ሰው አይደለም። ወላጆቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከዙሪያው መጥተው ጉለሌ የሰፈሩ፣ በሐዘንም በደስታም የማይለየን ጎረቤታችን ነው።

ችግር የሚመጣው በጥለቱ ቀለም ነው። አንዳንዱ ሰው በሞባይል ፎቶግራፍ ያሳይና «እንዲህ ይሁንልኝ» ብሎ ይሄዳል። ሥራው ካለቀ በኋላ «ይሄማ ያልኩህ ቀለም አይደለም» ይላል። ጋቢው ሸማኔው እጅ ላይ ይቀራል። ጥለት እንደ ቁልፍ ተፈትቶ የሚቀየር ነገር አይደለም። ማጉ በድሩ መሐል እየተወረወረ ከልብሱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ክሩን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ስንት ቀን ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ የሠራ ሰው ልጆቹን ምን ያብላ? ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ ቀለም በስልክ ሳይሆን በክር ይመረጥ። የስልክ መብራት ቀለሙን ያደምቀዋል። የሱቅ አምፖልም ያታልላል። ክሩን ደጅ አውጥታችሁ ነጭ ሸማ ላይ አጋድማችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

2ኛ/ ሁለት የጠቆሩ ቀለሞች ጎን ለጎን አይግቡ። ወይን ጠጅና ጥቁር ሰማያዊ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ጥቁር መስመር ይመስላሉ። መሐላቸው ፈካ ያለ ክር ይግባ። የጋሞን ድንጉዛ ተመልከቱ፤ ቀዩና ጥቁሩ ጎልተው የሚታዩት ቢጫው ስላለ ነው።

3ኛ/ ክሩ ቀለም እንዳይለቅ ይፈተን። ቁራጩን በውኃ አርሶ በነጭ ጨርቅ መጭመቅ ይበቃል። ጨርቁ ከቀላ፣ ጋቢውም በመጀመሪያው አጠባ ይበላሻል።

4ኛ/ የሚለብሰው ሰው ይታሰብ። ጋቢ 4 ድርብ ነው፣ ዓመታት ይኖራል። ለሽማግሌ አባት የዘንድሮ ፋሽን ብቻ ታይቶ አይታዘዝም።

5ኛ/ የተመረጡት ክሮች በቅደም ተከተላቸው ይታሰሩና አንዱ እስር ካዛዡ፣ አንዱ ከሸማኔው ዘንድ ይቀመጥ። የክሩ ዋጋም ቀብድ ይከፈል። ሸማኔዎችም ብትሆኑ የተባለው ቀለም ከገበያ ሲጠፋ ሳትጠይቁ በሌላ አትተኩ።

ዛሬ የጥለት መልክ በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ገበያውን እያጣበበው ነው። እኛ ደግሞ አዘን ካልወሰድን የእጅ ሥራውን ጨርሰን ልንገድለው ነው። ተስማምቶ የታዘዘ ጋቢ ለባሹን ያሞቃል፣ ለሠሪውም እንጀራ ይሆነዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ