ሦስተኛውን ሩጫ አሳዩኝ

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር በ2003 ሞዴል ማስታንግ ኮብራው ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ተነስተን ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ድምፅ አሰማ። ጣሳ ውስጥ የገባ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ማለት ነው። እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ጠፋ፤ መልሶ ሲረግጥ መጣ። ዳር ይዘን ቆምን። ምን እንደሰማን ሁለታችንም ስለገባን ለተወሰነ ጊዜ አልተነጋገርንም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የአክስቴ ልጅ መኪናዋን አንድ ጋራዥ ወስዶ የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በትንሽ ፑሊ አስቀይሮ ነበር። ሲመለስ ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ) ላይ ተለክቶ 440 የፈረስ ጉልበት የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ያንን ወረቀት ያላየ ዘመድ የለም። እኔም ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። “ኢተኑን ውስጡን ላስፋው ወይስ ዊፕል ልግጠም? ቮርቴክስ?” እያሉ ስለ ሱፐርቻርጀር ዓይነቶች የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ የሚያወዳድሩትም ሁልጊዜ እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግን የሚናገረው ስለ አንድ ሩጫ ብቻ ነው፤ ያውም ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ትልቅ ማራገቢያ ፊቱ ተደቅኖለት ስለተደረገ ሩጫ።

ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በሚስበው አየር ልክ ነው። ሱፐርቻርጀር ደግሞ በሞተሩ በራሱ ቺንጋ እየተዘወረ አየሩን በግድ ያስገባል። ኮብራው ከፋብሪካ ሲወጣ 4.6 ሊትር ሞተሩ ላይ የተገጠመለት ኢተን ኤም 112 ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.8 ሊትር ገደማ አየር ያሳልፋል። በ8 ፒ ኤስ አይ ግፊት 390 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ብሎኩ ብረት፣ ፒስተኑና ቢዬላው የተቀጠቀጡ ስለሆኑ ተጨማሪ ግፊት ይችላል። ሰው ይህን መኪና የሚወደውም፣ ከልክ በላይ የሚደፍረውም ለዚሁ ነው።

ኤም 112 የሩትስ ዘር ነው። የሩትስ ወንድማማቾች በ1860 እ.ኤ.አ. ኢንዲያና ውስጥ የፈጠራ መብት ያወጡበት መሣሪያ የተሠራው ለመኪና አልነበረም፤ የማዕድን ጉድጓድና የብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር ይነፋ ነበር። ሥራው እንደ አካፋ ነው፤ አየሩን ከዚህ ዝቆ እዚያ ይደፋል እንጂ በሆዱ ውስጥ አይጨምቀውም። አየሩ የሚታመቀው ከወጣ በኋላ፣ ወደ ኋላ ከሚመለሰው ግፊት ጋር ሲላተም ነው። ግፊቱ ትንሽ እስከሆነ ድረስ ምንም አይል፤ ፑሊውን አሳንሶ በጣም ሲያስሮጡት ግን አየር ማሞቂያ ይሆናል። ባለ ሁለት ብሎኑ ሱፐርቻርጀር ግን፣ ስዊድናዊው አልፍ ሊስሆልም በ1930ዎቹ ያዳበረው፣ አየሩን ጥርሶቹ መካከል ይዞ እያጠበበ ነው የሚያወጣው። ዊፕልና ኬን ቤል የታወቁት በዚህ ወገን ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ። 30 ዲግሪ የሆነ አየር ግፊቱ በእጥፍ ሲያድግ፣ ቅልጥፍናው 50 በመቶ የሆነ መሣሪያ 160 ዲግሪ ገደማ አድርጎ ያስወጣዋል። 70 በመቶ የሆነው ደግሞ 125 ገደማ። ያ የ35 ዲግሪ ልዩነት ዳይኖ ላይ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ሆኖ ይታይ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ግን የሞቀ አየር ነዳጁን ያለ ጊዜው አፈንድቶ ያንን የጠጠር ድምፅ ስለሚያመጣ፣ በጤናማ ሞተርና በተበሳ ፒስተን መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት፣ እነ ቮርቴክ የሚሠሩት፣ በቺንጋ የሚዞር የቱርቦ ቀንድ አውጣ ነው። አየሩን ብዙ አያሞቅም። ግን ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ በ6,000 ዙር የሚሰጠውን በ3,000 ዙር ላይ ሩቡን ብቻ ይሰጣል። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከመብራት ወደ መብራት የሚነዳ ሰው በቀን ስንት ጊዜ 6,000 ይደርሳል? ለእንዲህ ያለ መንገድ እኔ አልመርጠውም።

ከፍታውን ደግሞ እንጨምርበት። እዚህ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ በስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። አዲስ አበባ ከዚህም ትበልጣለች፤ ጭነት ይዞ እንጦጦን የወጣ ሾፌር ሞተር ሲያለከልክ ያውቀዋል። ያው ሱፐርቻርጀር በያው ፑሊ፣ በባሕር ወለል ላይ 8 ፒ ኤስ አይ የሚሰጠው፣ ዴንቨር ላይ ወደ 6.5 ይወርዳል። ከኦሮራ ሰማዩ ሲጠራ በስተደቡብ የሚታየው ፓይክስ ፒክ ላይ፣ በ1918 እ.ኤ.አ.፣ መሐንዲሱ ሳንፎርድ ሞስ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ይዞ ወጥቶ ነበር። ሜዳ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 4,300 ሜትር ላይ ወደ 230 ወረደ፤ በጭስ የሚዘወር ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ያንን ተራራ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

የአክስቴ ልጅ ወረቀትስ? 440 የተባለው ወደ ባሕር ወለል ተተርጉሞ ነው። እዚህ ዳይኖ የሚለካ ጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱን በ1.2 ገደማ ያበዛል። ጎማው ላይ የነበረው ከ370 አይበልጥም። ይህንን ማንም አልነገረውም፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው።

መኪናዋን በጭነት መኪና አስመልሰን፣ ድሮ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ወደነበራቸው አንድ ጋሼ ወሰድናት። መጀመሪያ ካንዴላ ፈቱ። ነጩ ሸክላ ላይ ጨው የሚያህሉ ብርማ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ከፒስተኑ የተላጠ አሉሚኒየም ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞሩ አዩ። እኔ ስለ ፑሊው መጠን ማስረዳት ስጀምር፣

“አንተ ልጅ፣ ፑሊውን ተወውና ውኃውን እየው” አሉኝ።

ሱፐርቻርጀሩ ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን የኢንተርኩለሩን ውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍተው ቁልፉን አዞሩ። ውኃው ዝም አለ። ትንሽ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ፓምፑ ሞቷል። ያ ጋራዥ ፑሊውን ሲቀይር ክዳኑን ከፍቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። በዚያ ላይ የኮሎራዶ ተራ ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ ውዱም 91። ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ያሉት ባለ 93 ናቸው። የእነሱን የግፊት ቁጥር እዚህ መኮረጅ አይቻልም።

ፒስተኖቹ ተርፈዋል። የአክስቴ ልጅ ባለ ሁለት ብሎኑን 2.3 ሊትር ዊፕል ለመግዛት ወስኗል፤ ምርጫውን እደግፋለሁ። ግን ከመግጠሙ በፊት አዲስ የውኃ ፓምፕ፣ ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ የሚበቃ የነዳጅ ፓምፕና ኢንጀክተር አስገብተናል። ባለፈው እሑድ ማለዳ፣ ገና በአሮጌው ኢተን፣ ፋብሪካው በሠራለት ፑሊ፣ ሙቀቱ የሚገለጠው በተደጋጋሚ ሩጫ ስለሆነ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስሮጥናት። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ሙቀት እጽፋለሁ፤ 41፣ 47፣ 52 ዲግሪ። ጋሼ ማስታወሻውን ከእጄ ተቀብለው ሦስተኛውን ቁጥር በጥፍራቸው አሰመሩበትና፣

“አሁን ዊፕሉን አምጡ” አሉ።