ማሳከክ ሲከርም

 

በዚህ ወር ዓምዳችን ብዙዎቻችን አፍረን ስለምንደብቀው ስለ ማሳከክ እንነጋገራለን። ማሳከክ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሥር ሰድዷል ይባላል። መንስኤው እንደ ችፌ፣ ጭርትና እከክ ያለ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ገላ የሚያሳክክ ከሆነ ግን የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ያሻል። ባከክነው ቁጥር ቆዳው ይቆስላል፣ ይወፍራል፤ የወፈረው ቆዳ ደግሞ ይብስ ያሳክካል።

በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ብርዱ ብርቱ ነው። ልጆች በአንድ መደብ አንድ ጋቢ ለብሰው ያድራሉ፤ ደረሳውም የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ። እከክም የሚጋባው በዚህ መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል 68 ወረዳዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው ከሦስቱ አንዱ ያህል እከክ ተገኝቶበታል።

እከክን የምታመጣው ቆዳ ቦርቡራ እንቁላል የምትጥል፣ ለዓይን የምታስቸግር ትንሽ ተባይ ናት። ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ውዱእ ስናደርግ ጣቶቻችንን ስንፈለፍል ልናስተውለው እንችላለን። ቁስሉ ካመረቀዘ ጉዳቱ እስከ ኩላሊት ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ ለምን እናፍራለን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር ገላቸውን ስላሳከካቸው ለወንድ የተከለከለውን ሐር እንዲለብሱ መፍቀዳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ማሳከክ ነውር ሳይሆን ሕመም ነውና።

ሕክምናው አስቸጋሪ አይደለም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር በታዘዘው መሠረት ይቀባል። የሚዋጠው ኪኒን ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ስለማይሰጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ላምባና የተባይ መርዝ መቀባት አደገኛ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋባበት ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ላያሳክከው ይችላል። ስለዚህ የሚያሳክከው አንዱን ብቻ ቢሆንም አብሮ የሚያድር ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም። ልብስና አንሶላ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ውጭ ከጥቂት ቀናት በላይ አትኖርምና። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ለጥቂት ሳምንታት ቢቀጥል አትደንግጡ። ከአንድ ወር ካለፈ ግን ተመልሳችሁ ታዩ።

እናቶችና አባቶች፣ ኡስታዞችም፤ ሌሊት የሚያክክ ልጅ ስታዩ አትቆጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።