ደጅ የለመደ ትሕትና

እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ሲጋመስ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከሕንጻው ይልቅ ግቢው ይሞላል። ጽዱ ሥር፣ የዕቃ ቤቱ በረንዳ፣ የአጥሩ ግንብ ጥግ፣ ሁሉም ነጭ በነጭ ነው። ድምፅ ማጉያ ስላለ ደጅ የቆመ ሰው የሚያመልጠው የለም። ዲያቆኑ ለጸሎት ሲያስነሣ ይነሣል፣ ሲያሰግድ ይሰግዳል፣ ወንጌል ሲነበብ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። ውስጥ ደግሞ በወንዶች በኩልም በሴቶች በኩልም ምንጣፉ ላይ ሰፊ ቦታ አለ። ቄሱ ሥጋውን፣ ዲያቆኑ ደሙን ይዘው ሲወጡ ወደ ፊት የሚጠጉት እናት ያቀፈቻቸው ሕፃናት፣ ጥቂት ልጆችና ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አረጋውያን ናቸው። መካከል ላይ ያለው፣ የሚሠራው፣ የሚያገባው፣ የሚነግደው፣ የሚበደረው፣ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ሰው እዚያ የለም። እሱ ጽዱ ሥር ነው።

ለምን ብትሉት መልሱ ዝግጁ ነው፤ “እኔ ምን በቅቼ!”

መልሱ ያምራል። ከልቡ የሚለው ሰውም አለ። እንባው እያነቀው ግንቡን ተደግፎ ቆይቶ ደጁን ስሞ የሚመለስ ሰው ሁላችንም አይተናል። ሥርዓት ጠብቃ ውጭ የምትቆም ሴትም አለች። ስለ እነሱ አልጽፍም። የምጽፈው “አልበቃሁም” ማለት ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ቋሚ አድራሻ ስለ ሆነለት ስለ ብዙው ሰው ነው። እኔም የምቆመው እዚያው ስለሆነ ጎረቤቶቼን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ቦታችንን እንደ ርስት ለይተናል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ቆሞ ሲገኝ ቅር የሚለንም አለን።

ሰውን ዝቅ ማድረግ እንደሆነ የቅዳሴው ሥርዓት ራሱ ያውቅበታል። ባለሥልጣኑም ሊስትሮውም ከበሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው እኩል ይገባሉ። ነጠላው ሱፉንም የተጣፈውንም ሸሚዝ ይሸፍናል። ካህኑ ድጓውን ቢዘልቅ፣ በቅኔ ቢራቀቅ ብቻውን መቀደስ አይችልም፤ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ ቅዳሴ የለም። የአንዲት ትንሽ ደብር አለቃ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ዲያቆን ቀርቶበት ሲጨነቅ ያየ ሰው፣ እዚህ ቤት ማንም ለብቻው ትልቅ እንደማይሆን ይገባዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን ሰው ዝቅ ብሎ እንዲቀርብ እንጂ ዝቅ ብሎ እንዲርቅ አይደለም።

ጽድ ሥር የምንቆም ሰዎች የምንጠቅሳት ምሳሌ አለችን፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው የፈሪሳዊውና የቀራጩ ምሳሌ። ቀራጩ ርቆ ቆሞ፣ ዐይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት አፍሮ፣ ደረቱን እየደቃ ጸለየ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሰው ሊጸልይ ወደ መቅደስ የወጣ ሰው ነው፣ ኃጢአተኛነቱን በአፉ የተናገረ ሰው ነው፣ በዚያው ቀን ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ነው። እኛ ከምሳሌው ያስቀረነው ርቆ መቆሙን ብቻ ነው። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያንም ንስሐ የገቡ ሰዎች ከደጅ ቆመው እያለቀሱ የሚገባውን ሰው ጸልዩልን የሚሉበት ሥርዓት ነበር። የእነሱ ደጅ መቆም ግን የተወሰነ ዘመን ነበረው፤ ሲያበቃ ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይገቡና በመጨረሻ ይቀበሉ ነበር። የእኛ ደጅ ማብቂያ የለውም።

ታዲያ ከትሕትናው ጀርባ ምን አለ? ጽዱ ሥር ወሬ ይሰማልና ጥቂቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የንስሐ አባት ጉዳይ አለ። ሁላችንም አለን። ለክርስትና፣ ለዝክር፣ ለሠርግ፣ ለፍታት ይመጣሉ። ቤት ይባርካሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ ምሳ ይቀርብላቸዋል፣ የልጆቹን የፈተና ውጤት ይጠይቃሉ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መስቀል አሳልመው ይሄዳሉ። ኑዛዜ ግን አይነሣም። እሳቸው አይጠይቁም፣ እኛም አንጀምርም። አስቸጋሪነቱን አልክድም፤ ከሚስት ጋር ቡና ለሚጠጡ፣ ከእናት ጋር ዕድር ለሚውሉ አባት፣ ሰው ምስጢሩን ለመንገር አፉ ይያያዛል። አንዳንዱ አባት ደግሞ የንስሐ ልጆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ አይዝም። እንግዲህ ትሕትና የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። “እኔ ኃጢአተኛ ነኝ” ብሎ በጥቅሉ መናገር ማንንም አያሳፍርም፤ እንዲያውም ያስመሰግናል። የሚያሳፍረው የሠሩትን ነገር በስሙ ጠርቶ በአንድ ሰው ፊት መንገር ነው።

ሁለተኛው ትዳር ነው። ብዙው ሰው የሚጋባው በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ወይም በሽማግሌና በድግስ ነው። በተክሊልና በቁርባን የተፈጸመ ጋብቻ፣ ወይም ባልና ሚስት ቆይተው አብረው የቆረቡበት ትዳር ግን እንደ ዋዛ የማይፈታ መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቃል። ስለዚህ “እስኪ ጠባያችን ይተዋወቅ” ይባላል። ሦስት ልጅ ወልደው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው፣ አሁንም ጠባያቸው ያልተዋወቀ ባልና ሚስት አውቃለሁ። “ስናረጅ እንቆርባለን” ይላሉ። ሲያረጁ መለያየቱ ስለማይታሰብ ማለታቸው ነው። ይህን ጥንቃቄ በሉት፣ ብልጠት በሉት፣ ፍርሃት በሉት፤ ትሕትና ግን አይደለም። ማምለጫ በር ክፍት አድርጎ መኖር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የእኛው የምእመናን ዐይን ነው። ዕድሜው ያልገፋ ጎልማሳ ቆርቦ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሲወጣ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ምነው፣ አሞታል እንዴ?” ብሎ ነው። ወጣት ሴት ከሆነች “ልትመነኩስ ነው” ትባላለች። ከዚያ ጥበቃው ይጀመራል። ቆራቢ ሆኖ ቢራ ቤት ታየ፣ ቆራቢ ሆና ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ተጨቃጨቀች፣ ቆራቢ ሆኖ ኪራይ ጨመረ። ያልቆረበው ግን እንዳሻው ኪራይ ሲጨምር ማንም አይጠይቀውም። ስንቱ ሰው እግዚአብሔርን ሳይሆን ይህን ወሬ ፈርቶ ደጅ እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው።

የሚያስፈራንን ቃል የጻፈው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው፤ ሳይገባው የሚቀበል ፍርድ እንደሚያገኘው በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ተናግሯል። ይህች ቃል በየአውደ ምሕረቱ ስትደጋገም አድገናል። ከፍ ብሎ ያለው ግን እምብዛም አይሰበክም። ቆሮንቶሶች የተወቀሱት ለምንድን ነው? በጌታ ራት ስም ተሰብስበው ሀብታሙ ቀድሞ በልቶ ሲጠግብ፣ አልፎም ሲሰክር፣ ድሃው እየተራበና እያፈረ ስለሚቀር ነው። ሳይገባ መቀበል እዚያ ከድሃው ወንድም ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ቀጥሎ ያለውም ትእዛዝ ሰው ራሱን መርምሮ እንዲበላ ነው፤ ራሱን መርምሮ ጽድ ሥር እንዲቆም አይልም። በመልእክቱ መሠረት ራሳችንን ብንመረምር የመጀመሪያው ጥያቄ ትናንት ማታ ምን በላህ ከሚለው በፊት በርህ ላይ ያለው የኔ ቢጤ ምን በላ የሚለው ይሆን ነበር። (ከቁርባን በፊት ያለውን የ18 ሰዓት ጾም አቃልዬ አይደለም፤ እሱን መጠበቅ ግን ከሁሉ የሚቀለው ነው።)

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ግቢውን ይጠርጋሉ፣ የተበታተነ ጫማ በመጥረጊያቸው እንጨት እየነካኩ “ይሄ የማን ነው? መተላለፊያ ላይ!” ይላሉ፣ አፋቸው ስል ነው። ዘወትር ይቆርባሉ። አንድ ቀን “እማማ፣ እርስዎስ በቅተዋል” አልኳቸው፤ ማክበሬ ነበር። ቆጣ አሉ።

“ማን በቃሁ አለህ? አንተ ሠርግ ስትጠራ በቅቼ ነው ብለህ ነው የምትሄደው? ስለ ጠሩህ አይደል?”

“ለሠርግ እኮ ልብስ ይለወጣል፣ እማማ።”

“ለውጣ! ማን ያዘህ?”

ንግግሩ በዚህ አለቀ፤ እሳቸው ወደ ጫማቸው ተመለሱ። ይህን የሠርግ ነገር የሰሙት ከሰባኪ ይሁን ከራሳቸው አላውቅም፤ ነገር ግን ከ1600 ዓመት በፊት ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም ተመሳሳዩን ብሏል። ካህናቱ በመሠዊያው ፊት ቆመው የሚቀበል ሲጠፋ አይቶ አዝኗል፤ ለግብዣ ተጠርቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጦ የማይበላ ሰው ጋባዡን እንደሚያዋርድ ተናግሯል። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ አለን፤ ስሙን ለልጆቻችን እናወጣለን። ይህን ወቀሳውን ግን ቸል ብለነዋል። እሱ ዘንድ መብቃት የዓመት ቁጥር ወይም የሽበት ጉዳይ አልነበረም፤ ንጹሕ ልብ ያለው ሁልጊዜ ይቅረብ፣ የሌለው አንድ ቀንም አይቅረብ የሚል አስተሳሰብ ነበረው። በእኛ ልማድ ግን ብቃት ከጡረታ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር መስሏል። በ40 እና በ80 ቀናችን ክርስትና ስንነሣ ምን ብቃት ኖሮን ነው የተቀበልነው?

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ የሆነውን አስታውሱ። ጥቂት አገልጋዮች ብቻ ውስጥ ሆነው ይቀድሱ ነበር፤ ፋሲካም ሚያዝያ 11 ቀን በየቤታችን ዋለ። ያኔ ሕዝቡ ከአጥሩ ውጭ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ፣ የተዘጋውን በር እየሳመ ሲያለቅስ ነበር። “ምን ብንበድል ነው ደጅህን የዘጋህብን?” የሚል ልቅሶ በየሰፈሩ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ከሳምንታት በኋላ ሁላችንም ወደ ጽዱ ተመለስን። በሩ ሲዘጋ አለመግባት የሚያስለቅሰን፣ ሲከፈት ግን ደጅ መቆም የሚበቃን ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ግን ታዝቤአለሁ። ለቁርባን ሲጠራ ከኋላ የምንሰለፈው ሰዎች፣ ለሕንጻ ማሠሪያ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ከፊት ነን። እዚያ ላይ ማንም “እኔ ምን በቅቼ” ሲል አልሰማሁም። ስሙ የተዘለለበት ሰው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ ያስተካክላል። ሰበካ ጉባኤው ስም ማንበቡን ቢተወው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚቀንስ አላውቅም፤ ቢቀንስም ግን ቢተወው እላለሁ።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል። ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት፣ በየቀኑ የሚቀደስበት፣ ብዙ ሰው ሱባኤ የሚይዝበት ጾም ነው። በሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚወጣ ተቀጣሪ ሰው ላይመቸው ይችላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን እንደ ወትሮው ጠዋት ነው፣ ምክንያት የለም። ልጆቻችንን አስቆርበን ከውጭ ቆመን በነጠላ የምንቀበልበትን ልማድ ዘንድሮ እናቋርጠው። ነገ ቁረቡ አላልኩም፤ እሱ የእኔም የጋዜጣም ሥልጣን አይደለም፣ የአባቶች ነው። የተጣላችሁትን ሰው ግን ፈልጉ፤ በውርስ ቤት የተኳረፋችሁ ወንድማማቾች ከጾሙ በፊት ሽማግሌ አስቀምጡ። ከትዳር አጋራችሁ ጋር በጉዳዩ በግልጽ ተነጋገሩበት። ለንስሐ አባታችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸውና ምሳ ሳይሆን ሰዓት ለምኑ፤ ቤት ካልተመቸ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሂዱ።

አባቶቻችንም፣ በሚቀጥለው ዝክር ጸበሉን ከመርጨታቸው በፊት “ልጄ፣ ንስሐህስ?” ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቁን። አንቆጣም። የንስሐ አባታችሁ ስልክ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ የሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ያውቃል፤ ጠይቁ።