የመምህሩ ደመወዝ የማዳበሪያ ዕዳ መያዣ አይሁን

ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልላዊ መንግሥት
ርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት
ሆሳዕና

ጉዳዩ፦ በ2016 የትምህርት ዘመን በሀዲያ ዞን በመምህራን ደመወዝ መጓደል ሳቢያ የተቋረጠውን ትምህርት ይመለከታል

ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሆሳዕናን መቀመጫው ባደረገ በወራት ውስጥ፣ ምሥራቅ ባደዋቾን ጨምሮ በሀዲያ ዞን ወረዳዎች መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ መቆየታቸውንና በዚህ ሳቢያ ትምህርት መቋረጡን ጽሕፈት ቤቱ ከማንም በፊት የሚያውቀው በመሆኑ፣ ነገሩን እንደ አዲስ ማስረዳት አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር የደመወዙን መዘግየት የመብት ጉዳይ አድርጎ አንሥቶታል። ቀሪው ጥያቄ የዚያን ዓመት ዋጋ ማን ከፈለ የሚለው ሲሆን፣ ይህ ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ሳይሆን በአደባባይ የሚቀርበውም መልሱን ወላጅ ሁሉ እንዲሰማው ተፈልጎ ነው።

በወቅቱ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ነበር። አሠራሩ ለማያውቅ አንባቢ ሲብራራ፣ ማዳበሪያ ለገበሬው በብድር የሚቀርበው ክልል ለባንክ ዋስ ሆኖ ነው፤ ብድሩ በጊዜው ካልተመለሰ ገንዘቡ ከክልሉ ድጎማ በጀት ላይ ይቀነሳል፤ ክልሉም በበኩሉ ዕዳ ካለበት ወረዳ ድርሻ ላይ ይቆርጣል። የወረዳ በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነውና፣ ተቆራጩ በስም ከወረዳው፣ በተግባር ግን ከመምህሩ ኪስ ይወጣል። በዚህ ስሌት ጎረቤቱ ያልመለሰውን ብድር መምህሩ ይከፍላል፤ ዕዳውን በወቅቱ የመለሰው ገበሬም፣ ልጁ ያለ መምህር ሲውል፣ ሁለተኛ ይከፍላል። ለማዳበሪያ ዋስ የቆመ መንግሥት ለክፍል ውስጥ ትምህርት ዋስ ለመሆን ምን እንደቸገረው፣ በታላቅ አክብሮት፣ መጠየቅ ድፍረት ሊባል አይገባም።

ጽሕፈት ቤቱ ምናልባት ትምህርት ሲቋረጥ ሕዝቡ አማራጭ አለው ብሎ አስቦ ከሆነ፣ አማራጩ ምን እንደሚመስል መታየት አለበት። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሽቾ ወይም በአንጋጫ የሚኖር ቤተሰብ ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ ሲያወራ በአብዛኛው የሚያወራው ውጭ አገር ስላለ ዘመድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈተ ወንድም ያለው ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ያስገባል፤ የሌለው መሸኛ ይዞ ከገጠር ወደ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይመጣል፤ በዚያም አንድ ክፍል ሊይዘው ከሚገባው 40 ወይም 50 ተማሪ በላይ በታጨቀበት ክፍል ወንበር ላይ ይጠጋጋል። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ የገጠር ልጅ ከሆነ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ ቆጮና ቂጣ ሰንቆ፣ እሑድ ማታ ይመለሳል። ሴት ልጅ ስትሆን ወላጅ ለኪራዩ ብቻ ሳይሆን ለደኅንነቷም ስለሚሠጋ፣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምትቀረው እርሷ ናት። በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ፊደል የቆጠረ ሕፃን በዓመቱ አጋማሽ ተነቅሎ በአማርኛ ወደሚያስተምር የከተማ ክፍል ሲገባ የሚደርስበት መደናገር በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይታይም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን፣ የሰውን ልጅ የሚያስተምረው መምህር ራሱ ከአማራጭ የለሾቹ መካከል መገኘቱ ነው፤ ደመወዙ ተቋርጦ የገዛ ልጁን የደብተር ወጪ መሸፈን ያቃተው ሰው የሰውን ልጅ በትጋት እንዲያስተምር ይጠበቃል።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 674,823 ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 36,409፣ ማለትም 5.4 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህ ውድቀት የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ በቤተ መጻሕፍትና በአስጠኚ ከታገዘው ተማሪ ጋር ለአንድ ዓይነት ፈተና የሚቀመጠው የባደዋቾ ልጅ፣ ከትምህርት ዘመኑ ላይ የተቆረጡትን ሳምንታት ማን እንደመለሰለት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ በመጀመሪያ የመምህራን ደመወዝ በማናቸውም የግብርና ዕዳ እንዳይነካ በክልሉ ምክር ቤት ሕግ እንዲያስወጣ፣ ከየወረዳው የተቆረጠውን የማዳበሪያ ዕዳ በአኃዝ ለሕዝብ እንዲገልጽ፣ ተከፍሎ ያላለቀ ውዝፍ ካለም ከነመክፈያ ቀኑ እንዲያሳውቅ በትሕትና ይጠየቃል። ይህ ብቻውን ግን የጠፋውን ጊዜ አይመልስምና፣ በዚያ ዓመት ትምህርት ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት መሰጠት አለበት፤ ከ1,363ቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሀዲያና በከምባታ ዞኖች የሚገኙት በየስማቸው ለወላጅ ሊነገሩ ይገባል፤ በሆሳዕናና በዱራሜ ለገጠር ተማሪዎች፣ ከሴቶች ተጀምሮ፣ ማደሪያ ሊሠራ ይገባል፤ የከተማ ትምህርት ቤቶችም ተማሪን በግማሽ ቀን ፈረቃ ከመሸንሸን የሚላቀቁበት ጊዜ መቆረጥ ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች በእኩልነት እንዲጠቀሙ መብት የሰጠና መንግሥትም ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እንዲያሳድግ ያስገደደ በመሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱም ከችሮታ የሚቆጠር አይደለም።

በመጨረሻም፣ ከዞን መምሪያ ኃላፊ ጀምሮ እስከ ክልሉ ካቢኔ ድረስ ያሉ ሹማምንት የራሳቸውን ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይስ በግል እንደሚያስተምሩ፣ የልጆቹ ስም ሳይጠቀስ ቁጥሩ ብቻ፣ ከሚቀጥለው የመስከረም ምዝገባ በፊት ይፋ እንዲሆን ይጠየቃል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክልሉ ትምህርት ቢሮ
ለሀዲያ ዞንና ለከምባታ ዞን አስተዳደሮች
በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሽቾና በአንጋጫ ልጅ ለሚያስተምሩ ወላጆች ሁሉ