የትል መድኃኒቱ የባሌን ዝናብ ይከተል

የባሌ ደጋ ሲነሳ ስንዴ ይቀድማል። ሲናና፣ አጋርፋና ጋሰራ በኮምባይነር የሚታጨድ ሰፊ ማሳ አላቸው፤ ገበሬውም በዓመት ሁለቴ ያመርታል። ማሳው በሰፋ ቁጥር ግን ለበጎች የሚተርፈው ጨፌው፣ የወንዝ ዳሩና የመንገዱ ጠርዝ ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ የሚጓዝ ሰው መንጋው የት እንደሚውል ልብ ይበል።

ጨፌ የጉበት ትል መራቢያ ነው። ትሉን የምታሳድገው ትንሽ ቀንድ አውጣ ከረጠበ ጭቃ አትርቅም። አንድ እጭ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ በመቶዎች ተባዝቶ ይወጣና ሣር ላይ ተጣብቆ በግ እስኪግጠው ይቆያል። በዚህ ላይ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ደም መጣጭ ትል አለ፤ አንዲት ሴት ትል በቀን ከ5,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ከመንጋጋዋ ሥር ያበጠች፣ የዓይኗ ሽፋን ውስጡ የነጣ በግ ደሟ እያለቀ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው የእርባታዋ እናት በግ ጉዳይ ነው። ለመውለድ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀራትና በምታጠባባቸው ሳምንታት ትሉን የመቋቋም አቅሟ ይወርዳል፤ ከበጠጧ ጋር የሚወጣው እንቁላልም ይበዛል። ግልገሏ ሣር መቀንጠብ የሚጀምረው እዚያው በተበከለው መሬት ላይ ነው። ምርጥ አውራ በግ ገዝቶ እናቲቱን መርሳት ገንዘብ ማባከን ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ምክር መድኃኒቱን ከክረምት በፊትና በኋላ መስጠት ነው። ለባሌ ይህ አይበቃም። እዚህ ከመጋቢት እስከ ሰኔ አንድ ዝናብ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሌላ ዝናብ ይጥላል፤ መስኩ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። የሕክምናው ቀን ከሁለቱ ዝናቦችና ከመውለጃው ወቅት ጋር መገጣጠም አለበት።

መድኃኒቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በየገበያው የሚሸጠው አልቤንዳዞል የጎለመሰውን የጉበት ትል እንጂ ጉበት እየበሳ የሚያልፈውን ለጋ ትል አይገድልም። በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ለእናት በግ ከተሰጠ ደግሞ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ ጥፋተኛ ነው። ክብደትን ሳይመዝኑ በግምት ማጠጣት ትሉን መድኃኒት ያላምደዋል። ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የፍየል እርባታ ትሎቹ ከአንድ በላይ መድኃኒት መቋቋማቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ተዘግቧል።

ውሻውም አይረሳ። በግን የሚያዞረው የአዙሪት በሽታ የሚመጣው ከውሻ የኮሶ ትል እንቁላል ነው፤ ውሻው ትሉን የሚያገኘው የታመመችን በግ ጭንቅላት ሲበላ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና በዙሪያው ለቀይ ቀበሮ ደኅንነት ሲባል ውሾች ለዓመታት የእብድ ውሻ ክትባት ሲሰጣቸው ቆይቷል። ከክትባቱ ጋር የትል መድኃኒት ቢታከል በዲንሾና በአካባቢው አንድ ጉዞ ለሁለት ሥራ ይውላል።

የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ የእንስሳት ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የባሌን የበግ ሕክምና ቀን መቁጠሪያ ያውጡ። በየቀበሌው የሚነበብ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል፤ የመጋቢት ዝናብ ከመግባቱ በፊት ግን ገበሬው እጅ ይድረስ።