የፊልም ምሽቱ ይዘጋ ለምትሉን

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቅሬ መዋጮ፣ ስለ ውኃ ፈረቃና ስለ ድንኳን ኪራይ መሆኑ ይታወቃል። ዛሬ ግን ስለ ፊልም ልንጽፍ ነው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

እንደምታውቁት ካለፈው ዓመት ወዲህ በማኅበራችን አዳራሽ ቅዳሜ ማታ ፊልም ይታያል። ወጣቶቻችን ፕሮጀክተሩን ከየትም ብለው ያመጡታል፤ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ይወጠራል፤ ወንበሩ የቅሬው ነው፤ ቡናው የእናቶች ነው፤ የመግቢያ ዋጋ የለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩት ልጆቻችንም ቅዳሜ ሐረጎን ወጥተው ሲመጡ በዚያው ይገኛሉ። ነገሩ እንዲህ ሲሄድ ቆይቶ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት «ጤዛ» የተባለው ፊልም በታየበት ማታ አንዲት እናታችን በመካከሉ ተነሥተው እያለቀሱ ወጡ። በማግሥቱ ሦስት ነዋሪዎች መጥተው «ይኸ ነገር ይዘጋ፤ ሰው እያስለቀሰ ነው፤ ወጣቱንም ያበላሻል» አሉን። ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። ከዚያ በፊት እኛም የመሰለንን ብንጽፍ አይከፋም ብለናል። የሚቃወመን ካለ ሰሌዳው ለሁሉም ክፍት ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት፣ «ጤዛ» የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። ኃይሌ ጎንደር የተወለደ፣ ኑሮውን አሜሪካ ያደረገ፣ ፊልም በመሥራትም በማስተማርም የታወቀ ሰው ነው። ፊልሙ በፈረንጆች 2008 ወጥቶ በጣሊያን አገር በቬኒስ ውድድር፣ በዓመቱም በቡርኪና ፋሶ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልሞች ውድድር ተሸልሟል። ታሪኩም አንበርብር የሚባል፣ ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ሲመለስ ነው። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው። ጦርነት አለ፤ ወጣቱ እየታፈሰ ይወሰዳል፤ የመንደሩም ልጆች ከአፈሳ ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

እናታችን የተነሡት እዚያ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «እነዚህስ ዋሻ አላቸው» አሉ። ድምፃቸው ጎላ ብሎ ነበር። እኛም፣ እውነቱን እንናገር፣ «እማማ፣ ሰው እያየ ነው፤ ዝም ብለው ይመልከቱ» አልናቸው። ምክንያቱም «ፊልም ሲታይ መነጋገር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በራሳችን እጅ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጥፈን ነበር። ትንሽ ቆዩና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ፊልሙ አስቀይሟቸው ከሆነ ይቅርታ ልንጠይቅ ብለን ቤታቸው ሄድን። ቡና አፈሉልን። «ፊልሙ ምን አደረገኝ? ያስቀየማችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉን። ከዚያም ነገሩን ከሥሩ አወጡት።

በ1981 ዓ.ም. የሚኖሩት ኩታበር በኩል ገጠር ነበር። ልጃቸው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አፋሾች መጡ ሲባል እህሉን አውጥተው እሱን ጎተራ ውስጥ ያስገቡታል። ልጁ ደግሞ ሳል ነበረበት። ሲያስል እንዳይሰማ እሳቸው ደጅ ቁጭ ብለው ሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ ባዶ ሙቀጫ። «አገሩ ሁሉ በርበሬ የምወቅጥ ይመስለው ነበር» አሉን። እንዲህ ሆነው ስንት ጊዜ አለፉት። አንድ ቀን ግን ውኃ ሊቀዱ ወርደው ሲመለሱ የጎተራው አፍ ተከፍቶ አገኙት። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። «ዋሻ ቢኖረን ኖሮ፣ ልል ነበር እኮ፤ ዝም በይ አላችሁኝ» አሉ።

ወገኖቻችን፣ እኚህ እናት ሰፈራችን ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ከኛ ጋር አብረው ቀብረዋል፤ አብረው ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ይህን ነገር አንድ ቀን ነግረውን አያውቁም፤ እኛም ጠይቀናቸው አናውቅም። አቡጀዲ ላይ የሚታይ ፊልም ነው አፋቸውን ያስከፈተው። ያንንም አፍ መልሰን የዘጋነው እኛ ነን። እንግዲህ አስለቀሰ የተባለው ፊልም ይህ ነው።

ሌላም እንጨምር። እኛ የወሎ ሰዎች ፊልም ከማየታችን በፊት በፊልም የታየን ሰዎች ነን። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ላገሩ ሕዝብ አሳየ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን፣ በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። ዘፈን ተዘፈነ፤ ገንዘብ ተሰበሰበ። በኛ ሰፈር ግን ያንን ሥዕል በጊዜው ያየ ሰው ብንፈልግ አላገኘንም። የታየነው እኛ ነን፤ ያየው ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት ታዲያ የአንድ ሐጂ አባታችን የልጅ ልጅ የ1966ቱን ሥዕል በስልኩ አውጥቶ አሳያቸው። ሐጂ በዚያ ዘመን የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው መንገድ ዳር ወድቀው የነበሩ ናቸው። ስልኩን ተቀብለው «መልሰው» ይላሉ፤ ልጁ ይመልሳል። ደግሞ «መልሰው» ይላሉ። ልጁ «አያቴ አልገባቸውም» ብሎ ሊያስረዳቸው ሲጀምር «ተወኝ፣ እናቴን እየፈለግሁ ነው» አሉት። ሻሽ ያሰረች ሴት ባለፈች ቁጥር ስልኩን ዓይናቸው ሥር ያስጠጉታል። እናታቸውን አላገኟቸውም። በኋላ ልጁ «እንዴት አገኙት?» ብሎ ቢጠይቃቸው እንዲህ አሉት፦ «እኛም ጋ ዕቃ የተሸከመ ፈረንጅ መጥቶ ነበር። ካሜራ ምን እንደሆነ የት እናውቃለን? ሣጥኑ ውስጥ የሚበላ ያለ መስሎን እስኪደክመን ተከተልነው።»

ይህን ነገር ልጁ ራሱ ነው አዳራሽ ውስጥ የነገረን። ስለዚያ ፊልም ብዙ ሊቃውንት ብዙ እንደሚናገሩ እንገምታለን። ሣጥኑን የተከተሉት ሐጂ ያሉትን ግን ከኛ በስተቀር የሰማ የለም።

ሁሉም ፊልም ደግሞ እንባ ነው እንዳትሉን። ከኛ እኩዮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቪዲዮ ቤት ያልገባ ማን አለ? እናት ለስኳር የሰጠችውን ሳንቲም ይዞ፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ፣ የብሩስ ሊን ምት አይቶ ሲወጣ ጓደኛውን ያልመታስ ማን አለ? የሕንድ ፊልም ሲሆን ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚተረጉምልን አንድ ልጅ ነበር። ሕንድኛ የት እንደተማረ የጠየቀው የለም። ዛሬ ስናስበው ግማሹን ከኪሱ ነበር የሚያወጣው፤ አለቀስን ግን፤ እንባችን እውነተኛ ነበር።

ያንን እያስታወስን ነው ባለፈው ሐምሌ «ማዘር ኢንዲያ»ን ያሳየነው። በፈረንጆች 1957 የተሠራ የቆየ ፊልም ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ፣ አራጣ አበዳሪ የያዛት ሴት ልጆቿን በመከራ ታሳድጋለች። ትንሹ ልጇ አድጎ ሽፍታ ይሆናል፤ የአበዳሪውንም ልጅ ከሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሊሸሽ ሲል እናቱ በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድለዋለች። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ሊበተን ነበር፤ ነገር ግን ዝናቡ አላስወጣ አለን። ስለዚህ ጠብ ተጀመረ።

አንዷ «ምን ዓይነት እናት ናት? ዘጠኝ ወር የተሸከመች እንዲህ አታደርግም» አሉ። ሌላዋ «ልክ አደረገች፤ የኔም ልጅ ቢሆን» ብለው ሳይጨርሱ የገዛ ልጃቸው ከኋላ «እማዬ!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። አንድ ሾፌር ጎረቤታችን «ይኸ እኮ የአራጣው ጥፋት ነው፤ ልጁን ያሸፈተው ዕዳ ነው» ብሎ ስለ ዕዳ ሰፋ አድርጎ አስረዳን። ጥሩ ተናገረ፤ የራሱም ነገር ሳይኖርበት አይቀርም። ከዚያ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ እንደ ክፍል ማለት ነው፣ «ሁላችሁም ስለ ገዳይዋና ስለ ሟቹ ነው የምታወሩት። የተጠለፈችውስ? እሷ ማታ ቤቷ ገብታ ምን ሆነች?» አለች። ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ስማቸውን የማንጠራው፣ ትዳራቸውን በጠለፋ የጀመሩ አንድ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ሁለቱ መንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ አናውቅም፤ ማወቅም ሥራችን አይደለም። ብቻ ያን ማታ ያን ጥያቄ የሰማ ሰው በቀላሉ የሚረሳው አይመስለንም። ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ደግሞ ያን ጥያቄ ማንም አይሰማውም ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ወጣቱን ያበላሻል ለተባለው፣ ወጣቱ ፊልም የሚያየው በኛ አዳራሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንስማማ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያየውን ማንም አያውቅለትም። ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ያየው ፊልም ያበላሸዋል ብለን አንፈራም። የጸሎትና የሰላት ሰዓትን በሚመለከት ከኢሻ በፊት አንጀምርም፤ በረመዳንና በዐቢይ ጾምም አናሳይም፤ ይህ ከመጀመሪያውም የተስማማንበት ነው። የጄኔሬተር ነዳጅ ግን እውነት ነው፤ ውድ ነው፤ እዚህ ላይ መልስ የለንም፤ ስብሰባው ይቁረጠው።

አንድ ትክክለኛ ወቀሳ ግን እንቀበላለን። ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ አስቀድመን ሳንናገር ሰው ጠርተናል። ልጅ የተወሰደባት እናት ስለ አፈሳ የሚያሳይ መሆኑን አውቃ ብትመጣ ወይም ብትቀር የራሷ ምርጫ ነበር። ይህ ጥፋት የኛ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምንሟገት ለሚጠይቀን ምክንያታችን ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቱ ቤት ቴሌቪዥኑን፣ ስንቱስ ከቴሌቪዥን የሚበልጠውን እንዳጣ ሁላችንም እናውቃለን። ያንንም አንድ ቀን አንድ ሰው ፊልም ያደርገዋል። ምናልባት ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል፤ ይሸለምበትም ይሆናል። ያን ጊዜ «የኛስ እንዲህ አልነበረም፤ እኛ ዋሻ አልነበረንም» የሚል ሰው ከሰፈራችን መገኘት አለበት። ዛሬ በሌላ ሰው ታሪክ ላይ አፉን ያላፍታታ ሰው ያን ቀን ስለራሱ ከየት አምጥቶ ይናገራል? እኛው ደግሞ ወረቀት ለጥፈን ዝም በሉ እንላለን!

በመሆኑም ለስብሰባው የምናቀርበው ሐሳብ፣ የፊልሙ ምሽት እንዲቀጥል፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላም ዝናብ ኖረም አልኖረም ግማሽ ሰዓት ለንግግር እንዲቀመጥ ነው። ትልልቆች ይቅደሙ፤ ተማሪዎችም ይከተሉ፤ የተናገረን ማንም አይሳቅበት። ክልክል ነው የሚለውን ወረቀት ግን ስብሰባ ሳንጠብቅ ቀደነዋል።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የተያዘው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው የዚሁ የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። በፈረንጆች 1974 የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ስለ አንድ ጭሰኛ ቤተሰብና ስለ ባለርስቱ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ አካሄዱም ቀስ ያለ ነው፤ ሰው የሚገደልበትም ቦታ አለው፤ ይህን አውቃችሁ ኑ። ትንንሽ ልጆችን አታምጡ። ወንበር ስለሚያንስ የቻለ በርጩማ ይዞ ይምጣ።

እናታችንም እንደሚመጡ ነግረውናል። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር እንዲቀመጥላቸው። ተቀምጦላቸዋል፤ እባካችሁ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ