«ራበህ» የሚል ሕፃን

አፉን በመፍታት ላይ ያለ ልጅ «እኔ»ንና «አንተ»ን ሲያቀያይር ወላጆች አንዳንዴ ይሥቃሉ፤ አንዳንዴም ይደነግጣሉ። ባለፈው ጥር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሉማሜ ከዘመዶቼ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው የቤቱ በኩር ልጅ፣ እናቱ እንጀራ ስትጋግር ቀሚሷን ይዞ «እማዬ፣ ራበህ! ራበህ!» እያለ ያለቅሳል። ሴት አያቱ «እናቱን እንደ ወንድ ‹አንተ› ይላታል፤ ምን ዓይነት ስድ ነው?» ብለው ተቆጡ። ገበታው ቀርቦ እሳቸውንም «ና ብላ» ሲላቸው አለንጋ ተነሣ።

ልጁ ግን ስድ አልነበረም። እናቱ ከጧት እስከ ማታ «ራበህ? በረደህ?» ትለዋለች። ስለዚህ ያ ሆዱን የሚሞረሙረው ነገር ስሙ «ራበህ» መስሎታል። እንጀራን ማንም ይጥራው ማን እንጀራ ነው፤ «አንተ» ግን እንደ ተናጋሪው ይዞራል። በዚያ ላይ በቋንቋችን «እኔ» ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆምም፤ በግሡ ጫፍ በምትለጠፍ በአንዲት «ኝ» ውስጥ ይደበቃል። በስፔን አገር በባርሴሎና አካባቢ በሚነገረው በካታላን ቋንቋም «እሱን»፣ «እሷን» የሚሉት ግሥን የሚጠጉ ጥቃቅን ቃላት ናቸው። የሁለት ዓመት ሕፃናት ብዙ ጊዜ ይዘሏቸዋል፤ በእኛ «ወሰድሁት» ማለት ሲገባ «ወሰድሁ» ብሎ እንደ መተው ነው።

የ«ና ብላ»ም ነገር እንዲሁ ነው። ወንድ ልጅን ማንም «ነይ» አይለውም (ለማቆላመጥ «አንቺ» ከሚሉት በቀር፤ ይህም በበኩሉ ያደናግረዋል)። «አንቱ» ብሎ የሚጠራው ደግሞ ከቶ የለም። እነዚህን ሊማር የሚችለው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ በመስማት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት፣ ሁለተኛ ልጆች በጠቅላላ ንግግራቸው በኩሮችን ባይበልጡም በተውላጠ ስም አጠቃቀም ግን እንደሚቀድሟቸው ያሳየው፣ እናት ከታላቃቸው ጋር ስትነጋገር ስለሚሰሙ ነው ተብሏል።

ስለዚህ «‹ራበኝ› ነው የሚባለው» እያሉ ማረም እምብዛም አይረዳም። ልጁ የራበሽ አንቺን መስሎት ይገረማል! የሚሻለው እሱ እየሰማ ትልልቆቹ መነጋገራቸው ነው። እኛም በምሳ ሰዓት ይህንኑ ሞከርን። እናቱ «እማማ፣ ራበዎት?» ትላለች፤ አያት «አዎን፣ ራበኝ፤ አንቺንስ ራበሽ?» ይላሉ። ልጁ ዓይኑን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እያዞረ ያዳምጣል።

ይህ መቀያየር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን ይለቃል። ከዚያ አልፎ ከቀጠለና ልጁ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ሰው ፊት የማያይ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

ልመለስ በተነሣሁበት ዕለት ጧት ልጁ ከምጣዱ አጠገብ ቆሞ «እማማ፣ ራበኝህ» አለ። አያቱ ሣቅ ብለው «ግማሹን አገኘው» አሉና ትኩሱን እንጀራ ቆርሰው ሰጡት።